ያላለቀ ተውኔት የሚከበርበት የባሕር ዳርቻ

ድሮ የእርሻ ጎተራ የነበረ የእንጨት ቤት ነው፤ አሁን ቴአትር ቤት ሆኗል። ተመልካቹ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ መድረኩ ላይ ግን የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጥቂት ወንበሮች፣ እንደ አስፈላጊነቱ አልጋም ጠረጴዛም ደረጃም የሚሆኑ የእንጨት ሣጥኖች፣ በቃ። ተዋንያኑ ጽሑፋቸውን በክላሴር እንደያዙ ይገባሉ። ከመድረኩ ጠርዝ የተቀመጠ አንባቢ "በሩ ይከፈታል፤ ዝናብ የመታው ልጅ ይገባል" ብሎ ያነባል። በር የለም፤ ዝናብም የለም። የተመልካቹ ዓይን ግን ወደ ቀኝ ዞሯል። በሩ የት እንደሆነ ሁሉም አውቆታል።

እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይ ገጽ ትገልጣለች። የተገለጠው ወረቀት እንደ ሌሎቹ ነጭ አይደለም፤ ቀለም ያለው ነው። ያ ገጽ ትናንት አልነበረም ማለት ነው። ጸሐፊው ሌሊቱን ሲጽፈው አድሮ ጠዋት ተባዝቶ የታደለ ነው፤ ተዋናይዋም በደንብ ሳትለማመደው ነው የምታነበው። ከኋላ ረድፍ ጸሐፊው ራሱ ተቀምጧል። ዓይኑ መድረኩ ላይ ሳይሆን የሰዉ ጀርባ ላይ ነው። ሰው በወንበሩ ሲቁነጠነጥ፣ ሳል ሲበዛ፣ ወይም አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጭጭ ሲል እርሳሱን ያነሳና ከገጹ ዳር ምልክት ያደርጋል።

የመድረክ ንባብ ማለት ይኸው ነው። አዲስ ተውኔት ሳይለብስ ሳያጌጥ፣ ገና በጅ እንዳለ፣ በጥሩ ተዋንያን አንደበት ሕዝብ ፊት ይነበባል። ከላይ የተሳለው ዓይነት ምሽት በየዓመቱ ሐምሌ ገደማ የሚደገምባት ከተማ ዋተርፎርድ ትባላለች፤ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ በኒውዮርክና በቦስተን መካከል፣ በሎንግ አይላንድ የባሕር ሰርጥ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የዝግጅቱ ባለቤት የዩጂን ኦኒል ቴአትር ማዕከል ነው። ዝግጅቱ ብሔራዊ የጸሐፍተ ተውኔት ጉባኤ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዕከሉ የበቀለው ከቃጠሎ በተረፈ ግቢ ነው። የሃመንድ ርስት ይባል የነበረውን ሰፊ የባሕር ዳር ቦታ የዋተርፎርድ ከተማ የገዛው ለሕዝብ መዝናኛ ነበር። በግቢው ያለው አሮጌ ትልቅ ቤት ግን የሚፈልገው አልነበረም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለልምምድ እንዲያቃጥሉት ታስቦ ነበር። ጆርጅ ዋይት የተባለ የአካባቢው ወጣት የቴአትር ሰው ቤቱን በጀልባ ላይ ሆኖ አየው። ከተማውን አሳምኖም በዓመት 1 ዶላር ኪራይ ተረከበው። ዓመቱ 1964 ነበር። ስሙን ያወጡለት በአጠገብ ባለችው በኒውለንደን ባደገው በዩጂን ኦኒል ነው። የኦኒል አባት በአንድ ተውኔት፣ በ"የሞንቴ ክሪስቶ መስፍን"፣ ዕድሜውን የጨረሰ ዝነኛ ተዋናይ ነበር፤ ቤታቸውም እስከ ዛሬ በዚያው ተውኔት ስም ይጠራል። ልጁ በ1936 የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ጸሐፌ ተውኔት ሲሆን፣ የቤተሰቡን መከራ ያወጣበትን ትልቁን ሥራውን ታሪክ ያኖረው በዚያው ቤት ውስጥ ነው። ማዕከሉ አሁን ያንን ቤትም ያስተዳድራል።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቴአትር ማለት ኒውዮርክ፣ ኒውዮርክ ማለትም የቴአትር ሰፈሯ ብሮድዌይ ነበር ቢባል ብዙ አልተጋነነም። እዚያ አንድ ተውኔት ለማቆም ብዙ ገንዘብ ይፈሳል፤ የመክፈቻው ሌሊት የጋዜጣ ሂስ ካልተስማማ ደግሞ ተውኔቱ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ገና እጁን የሚያፍታታ ወጣት ጸሐፊ እንዲህ ባለ ቦታ የት ይሞክር? የት ይሳሳት? ዋይት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ በ1965 ሃያ የሚሆኑ ወጣት ጸሐፊዎችን ወደ ግቢው ጠራ። በማግስቱ ዓመት ተውኔቶች መቅረብ ጀመሩ። ጆን ጉዌር "የሰማያዊ ቅጠሎች ቤት" የተሰኘውን ተውኔቱን በ1966 እዚያ ያቀረበው የመጀመሪያው ገቢር ብቻ ተጽፎ ሳለ ነው። ተውኔቱ ሙሉ ሆኖ ኒውዮርክ መድረክ የወጣው በ1971 ነው። አምስት ዓመት ያህል! ያንን አንድ ገቢር ማንም "አላለቀም" ብሎ አልመለሰውም።

ጉባኤውን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ያቆመው ግን ሎይድ ሪቻርድስ ነው። በ1919 ቶሮንቶ የተወለደ፣ ዲትሮይት ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ አዘጋጅ ነው። የሎሬይን ሃንስቤሪን "ዘቢብ በፀሐይ" በ1959 ብሮድዌይ ላይ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ በጥቁር ሴት የተጻፈ፣ በጥቁር ሰው የተዘጋጀ ተውኔት እዚያ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰዉ በዓይኑ ያየው ያኔ ነው። ሪቻርድስ ጉባኤውን ከ1968 እስከ 1999፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መራው። የመድረክ ማስጌጫውን ወደ እንጨት ሣጥን ያወረደው እሱ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ቀለም ሲያጣ ጆሮው ይከፈታል፤ ጆሮ ሲከፈት ደግሞ የጽሑፉ ድካም ይሰማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንም ጸሐፊ ጽሑፉን መላክ ይችላል፤ አንባቢዎቹ የጸሐፊውን ስም ሳያውቁ ይመዝኑታል። በዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ጽሑፍ ይገባል፤ የሚመረጠው ግን ከደርዘን አይበልጥም፤ አንዳንዴም ያንሳል። በሪቻርድስ ዘመን የተመረጡት ጸሐፊዎች ከበጋው በፊት ለአንድ የሳምንት መጨረሻ ተሰብስበው እያንዳንዱ የራሱን ተውኔት ለሌሎቹ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በራሱ ድምፅ ሲያነብ ጸሐፊው ማን አንደበት እንዳለው፣ ማን ደግሞ የእሱን ንግግር ብቻ እንደሚደግም ሌላ ሰው ሳይነግረው ያውቀዋል። ከዚያ አዘጋጅ፣ ተዋንያንና ጽሑፉን አብሯቸው የሚመረምር አማካሪ ይመደብለታል። አራት ቀን ያህል ልምምድ አለ። ከዚያ ሁለት ንባብ በሕዝብ ፊት ይደረጋል፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ለጸሐፊው የእርማት ጊዜ ይተውለታል።

የነገሩ ሁሉ ልብ፣ በእኔ እምነት፣ ያ የመካከል ጊዜ ነው። ጸሐፊው ትናንት ማታ ሁለት መቶ ሰው ጽሑፉን ሲሰማ ሰምቷል። የሳቀበት ቦታ እሱ ያላሰበው ነው፤ ያለቅስበታል ያለው ቦታ ላይ ሰዉ ሰዓቱን አይቷል። ነገ ማታ ሌላ ሰው ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው እሱና ወረቀቱ ብቻ ናቸው። አንድ ትዕይንት ይጥላል፣ ሌላውን ወደፊት ያመጣል፣ አንዲትን እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝም ያሰኛታል። ባለቀለም ገጾቹ የሚወለዱት ያኔ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። ጋዜጠኛና ሐያሲ መጥቶ መስማት ይችላል፤ ስለ ሰማው ተውኔት ግን ሂስ አይጽፍም። ማዕከሉ ከ1968 ጀምሮ በዚያው ግቢ ለሐያስያን የሥልጠና ተቋም አለው፤ ሐያሲን የሚጠላ ቤት አይደለም። ግን ሂስ ላለቀ ሥራ ነው። ያላለቀው ሥራ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ "እዚህ ጋ ጠፋብኝ"፣ "ልጅቷ ለምን ተመለሰች?" የሚል። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ የመካከሉ ጊዜም ትርጉም አይኖረውም ነበር፤ በመጀመሪያው ምሽት በጋዜጣ የተፈረደበት ጸሐፊ በማግስቱ የሚያርመው ተውኔቱን ሳይሆን ስሙን ይሆናል።

ይህ ቤት ምን እንደሚያፈራ ለማየት አንድ ሰው ይበቃል። ኦገስት ዊልሰን በ1945 ፒትስበርግ ተወለደ፤ በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ ራሱን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያስተማረ ሰው ነው። በ1980ዎቹ መባቻ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ምግብ እያበሰለ ይኖር ነበር። ወደ ዋተርፎርድ ጽሑፍ ይልካል፤ ይመለስለታል። ስለ ታክሲ ሾፌሮች የጻፈውን "ጂትኒ" ላከ፤ ተመለሰ። "አላነበቡትም ይሆናል" ብሎ ያንኑ መልሶ ላከው፤ ዳግመኛ ተመለሰ። በጠቅላላው አምስት ጊዜ አልተቀበሉትም። ያን ጊዜ ነው ለዓመታት አስቀምጦት የነበረውን ስለ ብሉዝ ዘፋኟ ስለ ማ ሬይኒ የጀመረውን ጽሑፍ አውጥቶ ሙዚቀኞቹን የጨመረበት። "የማ ሬይኒ ብላክ ቦተም" በ1982 ተመረጠ።

ሪቻርድስና ዊልሰን የተገናኙት እንዲህ ነው። ተውኔቱ ከንባቡ ወደ የል ዩኒቨርሲቲ ቴአትር፣ ከዚያም በ1984 ወደ ብሮድዌይ አለፈ። ዊልሰን ግን በአንዱ ረክቶ አልቀረም። በ1983 "አጥሮች"ን ይዞ ተመልሶ መጣ፤ ሲነበብ ከአራት ሰዓት በላይ የፈጀ ረጅም ጽሑፍ ነበር። ያንን እያሳጠረ፣ እየቆረጠ፣ እየሰፋ አራት ዓመት ያህል ሠርቶበት ተውኔቱ በ1987 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ1984 ሌላ፣ በ1986 ደግሞ "የፒያኖው ትምህርት"ን አመጣ፤ እሱም በ1990 ሁለተኛውን ፑሊትዘር አስገኘለት። ዊልሰን በ2005 ሲሞት የጥቁር አሜሪካውያንን የ20ኛ ክፍለ ዘመን ኑሮ በየአሥር ዓመቱ የሚያሳዩ አሥር ተውኔቶችን ጨርሶ ነበር። ብሮድዌይ የደረሱትን የመጀመሪያዎቹን ስድስቱን ያዘጋጀው ሪቻርድስ ነው። የምግብ አብሳዩን ሰው ጽሑፍ ያነበበው፣ አምስት ጊዜ መልሶ በስድስተኛው የተቀበለው፣ ከተቀበለውም በኋላ ጽሑፉን "ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል" ብሎ ያልወረወረው ይህ ቤት ባይኖር ኖሮ የአሜሪካ መድረክ ዛሬ ምን ያህል ደሃ እንደሚሆን አስቡት።

አፍሪካም በዚህ ግቢ አልፋለች። ናይጄሪያዊው ጸሐፌ ተውኔት ዎሌ ሾይንካ በሀገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ታስሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተዘግቶበት ከቆየ በኋላ የተፈታው በ1969 ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በነሐሴ 1970፣ ከኢባዳን ተዋንያን ይዞ ዋተርፎርድ መጣና "ዕብዶችና ሊቃውንት" የተሰኘውን መራራ ተውኔቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበ። ተውኔቱ ሀገሩ ገብቶ ኢባዳን ላይ ሙሉ ሆኖ የታየው ከዚያ በኋላ በ1971 ነው። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የካሪቢያኑ ጸሐፌ ተውኔት ዴሪክ ዎልኮት የትሪኒዳድ ቡድኑን ይዞ እዚያው ቀርቦ ነበር። ሁለቱም በኋላ የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል።

የዋተርፎርድ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ለንደን ውስጥ የሮያል ኮርት ቴአትር ከ1957 ጀምሮ እሑድ ማታ፣ መደበኛው ትርዒት በሌለበት፣ አዳዲስ ተውኔቶችን ያለ መድረክ ማስጌጫ ለአንድ ምሽት ያሳይ ነበር። ወጪው ትንሽ፣ ድፍረቱ ትልቅ። ወጣቱ ሾይንካ እዚያ የገቡ ጽሑፎችን ያነብ ነበር፤ በኅዳር 1959 የራሱ አጭር ሥራ በእሑዱ ምሽት ቀርቧል። እዚህ ላይ አንባቢዬን የሚያነቃ ነገር አለ፦ የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ከቺካጎ የሕግ ትምህርቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ የቴአትር ጥበብ ሊማር የገባው እዚሁ ሮያል ኮርት ነው። ያለ ጌጥ፣ በቃል ብቻ የሚቆም ተውኔት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በሚሞክር ቤት ውስጥ የዋለ ሰው ነው። ከዚያ ሀገሩ ገብቶ የጻፋቸውን ተውኔቶች ያየ ሰው፣ የቃሉ ክብደት መድረኩን ብቻውን ሲሸከም አይቷል።

ንባብ ግን የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። በአሜሪካ የቴአትር ሰዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የሚነሳ ቅሬታ አለ፦ ቴአትር ቤቶች አዲስ ጸሐፊን እየጋበዙ ያስነብባሉ፣ ያወያያሉ፣ ያሻሽላሉ፣ ግን አያቆሙለትም። ተውኔቱ ከአንዱ ንባብ ወደ ሌላው ሲዞር ያረጃል። በየቦታው የሚሰጠው አስተያየት ሲደራረብም የጸሐፊውን ድምፅ ይውጠዋል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ንባብ ወደ መድረክ የሚወስድ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የመድረክ ምትክ ሲሆን ጸሐፊን ማታለል ነው። ሌላም አለ። በንግግር የሚያድር ተውኔት ሲነበብ ያምራል፤ በእንቅስቃሴ፣ በዝምታ፣ በጭፈራ የተሠራ ተውኔት ግን ክላሴር በያዘ ሰው ሲነገር ግማሽ ነፍሱ ትቀራለች። አዘጋጁም ተመልካቹም ይህንን አውቀው ካልሰሙት ፍርዳቸው ይሳሳታል።

አሁን ወደ ሀገር ቤት እንመለስ። በእኛ ቴአትር ቤቶች የአንድ አዲስ ጽሑፍ ጉዞ የታወቀ ነው። ጽሑፉ ይገባል፤ ገምጋሚዎች ያነቡታል፤ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ካለፈ አዘጋጅና ተዋንያን ይመደባሉ፤ ልምምድ ይደረጋል፤ ልብስና የመድረክ ቁሳቁስ ይሠራል፤ ከዚያ ይመረቃል። ጸሐፊው የማያውቀውን ሕዝብ ትንፋሽ የሚሰማው በምረቃው ዕለት ነው። በዚያን ዕለት ሁለተኛው ገቢር እንደተንዛዛ ቢገባው ምን ያደርጋል? ቀለሙ ደርቋል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ተዋናዩ ቃለ ተውኔቱን በቃሉ ይዟል። ገምጋሚዎቹም ቢሆኑ ያነበቡት በዝምታ፣ በወረቀት ላይ ነው። በጆሮ የሚበላን ነገር በዓይን ቀምሶ መፍረድ ከባድ ነው፤ በተለይ ቃሉ ሰምና ወርቅ ያለው፣ ቤት የሚመታ ወይም ከገጠር አንደበት የተቀዳ ከሆነ። ያልፋል የተባለው የሚወድቀው፣ ይወድቃል የተባለው የሚያልፈው አንዳንዴ ለዚህ ይመስለኛል።

የሚያሳዝነው፣ ይህ የሚሆነው እኛ መስማት የምናውቅ ሕዝብ ሆነን ሳለ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር" የተሰኘውን ልብ ወለድ በሬዲዮ ሲተርክ መድረክ አልነበረውም፤ አንድ ድምፅና አንድ መጽሐፍ ነበሩ። ያደመጠው ትውልድ ግን ጉዱ ካሣን በዓይኑ ያየው ያህል ያስታውሰዋል። በራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲቀርብ ወረቀት ይዞ የቆመን ገጣሚ ለመስማት ትኬት ቆርጦ አዳራሽ የሞላው የአዲስ አበባ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አድማጭ ያለው ሀገር የተውኔት ንባብን ልማድ ለማድረግ ከየትኛውም ሀገር ያነሰ ድካም ይጠብቀዋል።

አዲስ ተውኔትን እንዲህ ማሰማት በአካባቢያችንም ተጀምሯል። የካምፓላ ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል በ2014 ሲጀመር የምሥራቅ አፍሪካ ጸሐፊዎች አዳዲስ ሥራዎችን ማሳያ ሆኖ ነው፤ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት የኢትዮጵያዊቷ የመዓዛ ወርቁ ተውኔት ቀርቧል። ጸሐፊዎቻችን ድንበር ተሻግረው የሚያገኙትን ዕድል በገዛ ቋንቋቸው፣ በገዛ ከተማቸው የማያገኙበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ታሪክ ይህን ሁሌ ያስታውሰኛል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ"ን በ1913 ዓ.ም. ገደማ ቴራስ በተባለ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት አቀረቡ፤ ተውኔቱ ታገደ። አማርኛ ቴአትርን የጀመሩት ሰው ሥራቸውን ለመስማት፣ ለማረም፣ ደግሞ ለማሰማት ዕድል አላገኙም። መቶ ዓመት አልፎም ብዙ ጸሐፊዎቻችን ያቺ ሁለተኛ ምሽት የለቻቸውም።

የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው። ብሔራዊ ቴአትርም ይሁን ሀገር ፍቅር፣ ወይም በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በጎንደር፣ በድሬዳዋ ያለ የባህል አዳራሽ፣ ትርዒት በሌለበት አንድ ምሽት መብራቱን ያብራ። አምስት ወንበር ያውጣ። አራት ቀን ለልምምድ፣ ሁለት ምሽት ለንባብ፣ በመካከሉም ለጸሐፊው የእርማት ጊዜ ይስጥ። ተዋንያኑ የሚከፈላቸው ትንሽም ቢሆን ይከፈላቸው፤ በነጻ የሚሠራ ሥራ ብዙ አይዘልቅምና። ጽሑፉ ያለ ስም ይመረጥ፤ ጋዜጠኞች ይጋበዙ፣ ሂሳቸውን ግን ለምረቃው ያቆዩት። በዋሽንግተንና በቴላቪቭ ያሉ ወገኖቻችንም ያለ መድረክ ቁሳቁስ፣ ያለ ትልቅ ወጪ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ከሚነበቡት ውስጥ ቢያንስ አንዱን በዚያው ዓመት በሙሉ ልብስ መድረክ ላይ ለማውጣት ቤቱ አስቀድሞ ቃል ይግባ፤ ያ ቃል ከሌለ ንባቡን አይጀምረው።

አንባቢም ድርሻ አለህ። እንዲህ ያለ ምሽት መጀመሩን የሰማህ ዕለት ሂድ። ያላለቀ ነገር ልትሰማ እንደሆነ አውቀህ ግባ፤ ሲጠይቁህም "ጥሩ ነው" ብለህ አትለፍ። የት እንደጠፋብህ ለጸሐፊው ንገረው።